ድምፅ ያልተሰጠበት ውህደት፦ የጅቡቲ–አዲስ አበባ ምድር ባቡር ባለአክሲዮኖች

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ ሁለት የባቡር ኩባንያዎች አንድ ይሁኑ አይሁኑ የሚለው ጉዳይ የሚቆረጠው በባለአክሲዮኖች ጉባኤ ነበር። ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለገሃር ላይ ያበቃ የነበረው አሮጌው ምድር ባቡርም የተወለደው በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በዚያው ሥርዓት ውስጥ ነው። አክሲዮን ነበረው፤ ቦርድ ነበረው፤ ፓሪስ ላይ የሚጠራ ጠቅላላ ጉባኤም ነበረው። ሆኖም ባለቤትነቱ በተለወጠ ቁጥር ነገሩ የሚያልቀው በመንግሥታት መካከል ነበር፤ ለባለአክሲዮኖቹ የሚደርሳቸው ያለቀ ጉዳይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉባኤው በትውልድ አገሩ ምን ያህል ሥልጣን እንደነበረው ለማየት ከብሪታንያ መጀመር ይሻላል። እዚያ እያንዳንዱ የባቡር ኩባንያ የሚቋቋመው ፓርላማ ለእሱ ብሎ ባወጣው ሕግ ነበር። የሰው መሬት አስገድዶ የመግዛት መብቱም ሆነ ከሌላ ኩባንያ ጋር የመቀላቀል ፈቃዱ ከዚያው ሕግ ይመነጫል። ኩባንያዎቹ እንቀላቀል ብለው ረቂቅ ሲያቀርቡ ፓርላማው ባለገንዘቦቹ ለዚሁ ጉዳይ ተጠርተው መስማማት አለመስማማታቸውን ይጠይቃል። ስለዚህ ከሎንዶን በፊት ጉዳዩ በየከተማው አዳራሽ ያልፍ ነበር፤ ሊቀመንበሩ ሒሳቡን ያነባል፣ ተቃዋሚው ይነሣል፣ ድምፅ ይቆጠራል።

አቆጣጠሩ እንደ ዛሬው አንድ አክሲዮን አንድ ድምፅ አልነበረም። በ1845 የወጣው የኩባንያዎች ሕግ፣ የኩባንያው የራሱ ሕግ ሌላ ነገር ካልደነገገ በቀር፣ ደረጃ ያለው ስሌት አበጅቶ ነበር። እስከ 10 አክሲዮን ድረስ ለእያንዳንዱ አንድ ድምፅ፣ ከ10 በላይ እስከ 100 ድረስ ለየአምስቱ አንድ፣ ከ100 በላይ ላለው ደግሞ ለየአሥሩ አንድ ድምፅ ይሰጣል። በዚህ ስሌት 10 አክሲዮን ያለው ሰው 10 ድምፅ ሲኖረው 100 ያለው 28፣ 1,000 ያለው ደግሞ 118 ብቻ ያገኛል። በገንዘብ መቶ እጥፍ የሚበልጠው ሰው በድምፅ አሥራ ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። የሕጉ አሳብ ትንንሽ ባለአክሲዮኖች በባለጠጋው እንዳይዋጡ ነበር። በተግባር ግን ብልሃተኛ ባለጠጋ አክሲዮኑን በዘመድና በወዳጅ ስም ከፋፍሎ ሊያስመዘግብ ይችላል፤ በጉባኤው የማይገኙት ደግሞ በውክልና ወረቀት ድምፃቸውን ይሰጣሉ። የውክልናውን ወረቀት አትሞ የሚልከው ብዙውን ጊዜ ቦርዱ ራሱ ስለነበር ጉባኤው ሳይከፈት ውጤቱ የሚታወቅበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ከእነዚህ ውህደቶች ስሙ የገነነው የ1844ቱ ነው። በእንግሊዝ መካከለኛ ክፍል ሦስት ኩባንያዎች ደርቢ ላይ ይገናኙ ነበር። ሁለቱ ከደርቢ ወደ ሎንዶን የሚሄደውን መንገደኛ ለመሻማት ዋጋ እየቀነሱ እርስ በርስ ተጎዱ። የሦስተኛው፣ የኖርዝ ሚድላንድ፣ ሊቀመንበር የነበረው ጆርጅ ሃድሰን ውድድሩን ለማስቆም ሦስቱም አንድ ይሁኑ አለ። አንደኛው ቦርድ ሲያንገራግር ሃድሰን ቦርዱን ዘልሎ ባለአክሲዮኖቹን ማሳመን ያዘ፤ የትርፍ ድርሻው ለቀነሰበት ባለገንዘብ ደግሞ ውህደት መልካም ዜና ነበር። ሚድላንድ የተባለው ኩባንያ በዚህ መንገድ ተፈጠረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሎንዶንና ሰሜን ምዕራብ፣ በ1854 ደግሞ ሰሜን ምሥራቅ የተባሉት ትልልቅ ኩባንያዎች በተመሳሳይ ውህደት ተመሠረቱ። ሃድሰን ራሱ ግን ሰሜን ምሥራቅ ሲመሠረት ሥልጣን ላይ አልነበረም፤ በ1849 ባለአክሲዮኖች ባቋቋሟቸው መርማሪ ኮሚቴዎች ፊት ወድቋል። ከተገኘበት ጥፋት አንዱ፣ እሱ ለሚመራው ኩባንያ የሌላ ኩባንያ አክሲዮን ከገበያ ዋጋ በላይ መሸጡ ነበር። ያነሣው ጉባኤ ጣለው።

የፈረንሳይ መንገድ ሌላ ነው፤ ለኢትዮጵያ ታሪክም የሚቀርበው እሱ ነው። በሦስተኛው ናፖሊዮን ዘመን መንግሥት ራሱ ትንንሾቹን ኩባንያዎች ወደ ውህደት እየገፋ በ1850ዎቹ መጨረሻ አገሪቱን ለስድስት ትልልቅ ኩባንያዎች አከፋፈላት። ፓሪስን ከሊዮንና ከሜዲትራኒያን ባሕር የሚያገናኘው ኩባንያ በ1857 የተፈጠረው በዚህ ግፊት ነው። በምላሹ መንግሥት ኩባንያዎቹ ለሚያነሡት ብድር ወለድ ዋስ ሆነ። ስለ አክሲዮን ማኅበራት በ1867 የወጣው ሕግ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ለመለወጥ የሚጠራ ጉባኤ ቢያንስ የካፒታሉ ግማሽ እንዲወከልበት ያዝዛል። ይህ ግን የሚመለከተው ባለአክሲዮኖችን ብቻ ነው። የኩባንያውን የብድር ሰነድ የገዛ ሰው፣ ያዋጣው ገንዘብ ከአክሲዮኑ ቢበልጥ እንኳ፣ በጉባኤው ድምፅ አልነበረውም።

የኢትዮጵያ ምድር ባቡር መነሻው የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው። ሙሴ ኢልግ በ1879 ሸዋ ገብቶ በምኒልክ ቤት ብዙ ዓመት ያገለገለ ሰው ነበር። አጼ ምኒልክ መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. (መጋቢት 9 ቀን 1894 እንደ አውሮፓውያን) በሰጡት ውል፣ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ከፋና ነጭ ዓባይ ድረስ የሚዘረጋ ሐዲድ የመሥራትና ለ99 ዓመት የማስተዳደር መብት ለኢልግ ተሰጠ። ኩባንያው ከሐዲዱ ጎን የቴሌግራፍ መስመር ሊዘረጋና በጦርነት ጊዜ የመንግሥቱን ወታደር በነፃ ሊያጓጉዝ ተስማማ፤ መንግሥትም ተወዳዳሪ መስመር ላለመፍቀድ ቃል ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአክሲዮኑ ድርሻ እንዲያገኙና ትርፉ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ተካፋይ እንዲሆኑም ተስማሙ። በወረቀቱ መሠረት አጼ ምኒልክ የአገሩ ንጉሥ ብቻ ሳይሆኑ የኩባንያው ባለድርሻ ነበሩ። ወረቀቱ የሚሠራው ግን ፓሪስ ላይ፣ በፈረንሳይ ሕግ ነበር።

ኢልግና ሸሪኩ ሊዮን ሸፍኔ ገንዘብ ፍለጋ ሲዞሩ ከአድዋ በፊት ብዙም ሰሚ አላገኙም። ከየካቲት 1888 ዓ.ም. ድል በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ1896 በ18 ሚሊዮን ፍራንክ ካፒታል የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥታዊ የምድር ባቡር ኩባንያ ፓሪስ ላይ ተቋቋመ፤ ሸፍኔ መሪው ሆነ። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ሐዲዱ በጅቡቲ ግዛቷ እንዲያልፍ ፈቀደች። ሥራው በጥቅምት 1897 ተጀመረ።

ካፒታሉ ትልቅ ይምሰል እንጂ በእጅ የገባው ጥቂት ነበር። አክሲዮኑ በገበያ አልሄደም፤ ኩባንያው የቆመው በብድር ሰነድ ነው። ሥራው ደግሞ ገንዘብ ይበላል። ውኃ በሌለው በረሃ፣ ጎርፍ በሚያቋርጠው ሸለቆ ላይ የብረት ድልድይ ማቆም ነበረበት፤ የሆልሆሉ ድልድይ ለዚህ ምስክር ነው። የአካባቢው ሰው መሬቱ ሳይጠየቅ ስለተቆረሰበት ሽቦውን ይቆርጣል፣ ሠራተኛውን ያጠቃል። በ1900 ባቡሩ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ሲቃረብ ኩባንያው ባዶ እጁን ቀርቶ ነበር።

በዚህ ጊዜ ሎንዶን ገባች። ኒው አፍሪካ የተባለው ኩባንያና ሌሎች የእንግሊዝ ገንዘብ ቡድኖች አክሲዮንና የብድር ሰነድ እየገዙ ቆይተው በ1901 ተጣመሩና ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ባቡር የአደራና የግንባታ ኩባንያ የሚባል አንድ ድርጅት አቆሙ። አሳባቸው በባቡር ንግድ የታወቀ ነበር፤ የተቸገረን ኩባንያ ድርሻ በርካሽ ሰብስቦ በጉባኤው ብልጫ ማግኘት። በእንግሊዝ የመካከለኛው ክፍል ከተሞች ቢሆን ይህ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። እዚህ ግን ሐዲዱ ፈረንሳይ በቀይ ባሕር በር ላይ ከነበራት ወደብ ይነሣል፤ መድረሻው ደግሞ ጣሊያንን ያሸነፈ ንጉሥ ከተማ ነው። ባቡሩ በእንግሊዝ እጅ ከገባ እንግሊዝ ከያዘቻቸው የዜይላና የበርበራ ወደቦች ጋር ተቀጥሎ ጅቡቲን ባዶ ሊያስቀር ይችላል የሚለው ስጋት ፓሪስን አስጨነቀ። የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ደጋፊዎች በጋዜጣም በምክር ቤትም ጮኹ።

መልሱ የመጣው በየካቲት 6 ቀን 1902 ነው። የፈረንሳይ መንግሥት ለኩባንያው በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊሰጥ ተዋዋለ፤ ኩባንያው ይህንኑ መያዣ አድርጎ ወዲያውኑ ብድር ያነሣበታል። በምላሹ ኩባንያው ፈረንሳዊ ሆኖ ሊቀር፣ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ሊውል ተስማማ። የእንግሊዞቹ የግዢ ዕቅድ እዚያ ላይ ቆመ። በዚያ ክፍለ ዘመን ሕግ ቢሄድ ኖሮ የሎንዶንና የፓሪስ ባለድርሻዎች ጉባኤ ተጠርቶ፣ ድምፅ ተቆጥሮ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀላቀል ይታወቅ ነበር። የኢትዮጵያ ባቡር የውህደት ጥያቄ በጣም የቀረበበት ሰዓት ያ ነበር፤ ድምፁ ግን አልተሰጠም። የተሰጠው የፈረንሳይ በጀት ነው።

ከሁሉ የባሰው አዲስ አበባ ላይ ያለው ባለድርሻ አለመጠየቁ ነው። ውሉን ሰጪውም፣ የመሬቱ ባለቤትም፣ ባለአክሲዮኑም አጼ ምኒልክ ሆነው ሳለ የ1902ቱን ስምምነት የሰሙት ከተፈረመ በኋላ ነበር። የፈረንሳይ ወኪል የነበረው ሌዮንስ ላጋርድ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የእንጦጦ መስፍን የሚል ማዕርግ የሰጡት ሰው፣ ነገሩን ለማለዘብ ቢሞክርም አልሆነለትም። ለአንድ የንግድ ኩባንያ የሰጡት ፈቃድ በአገራቸው ላይ የሌላ መንግሥት መብት መሆኑን አጼ ምኒልክ አልተቀበሉም። ባቡሩ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ሲደርስ በምረቃው ሳይገኙ ቀሩ፤ ከድሬዳዋ ወዲህ እንዳይቀጥልም ከለከሉ። ባለአክሲዮኑ በጉባኤ ያጣውን ድምፅ ንጉሡ በአገሩ ሰጠው ቢባል ያስኬዳል። ድሬዳዋ ራሷ የዚህ ታሪክ ልጅ ናት። ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት ከአቅም በላይ ስለሆነ መስመሩ ከተራራው ሥር ቀረ፤ ክልከላው ደግሞ ያችን ጣቢያ ለዓመታት የመስመሩ ማብቂያ አደረጋት፤ ከተማዋም በዚያ ላይ አደገች።

ቀጣዮቹ ዓመታት የባቡሩ ጉዳይ ከንግድ ወጥቶ ዲፕሎማሲ የሆነባቸው ናቸው። የእንግሊዙ ወኪል ጆን ሃሪንግተን መስመሩ በሁሉም መንግሥታት የጋራ ይሁን ይል ነበር፤ ፈረንሳይ እንቢ አለች። አጼ ምኒልክ በ1905 ወኪሎቹን ሰብስበው ካልተስማሙ ራሳቸው እንደሚሠሩት ነገሯቸው። በመጨረሻ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ታኅሣሥ 13 ቀን 1906 ስለ ኢትዮጵያ በተፈራረሙት የሦስትዮሽ ውል ውስጥ ስለ ባቡሩም ተዋዋሉ። መስመሩ እስከ አዲስ አበባ የፈረንሳይ እንዲሆን፣ በቦርዱ ግን አንድ እንግሊዛዊ፣ አንድ ጣሊያናዊና አንድ ኢትዮጵያዊ እንዲቀመጥ ተባለ። እንግሊዝና ጣሊያን በሚሠሯቸው መስመሮች ቦርድም ፈረንሳዊ ይቀመጣል። የቦርድ አባል በባለአክሲዮኖች መመረጡ ቀርቶ በሦስት መንግሥታት ውል ሲመደብ የአክሲዮን ማኅበሩ መልክ እንጂ ነፍሱ አልቀረም። አጼ ምኒልክ የውሉ ቅጂ ሲደርሳቸው አመስግነው፣ ውሉ ሥልጣናቸውን እንደማይወስን ግን በግልጽ አስታወቁ።

ያ ሁሉ ሲሆን ኩባንያው ራሱ እየሞተ ነበር። ድሬዳዋ ላይ የቆመ መስመር ዕዳውን መክፈል አልቻለም፤ በ1907 ፓሪስ ላይ ከሰረ ተባለና ሒሳቡ እንዲጣራ ታዘዘ። የክስረት ሕግ ባለአክሲዮንን ከሁሉ በኋላ ስለሚያስቀምጥ በ1896 የተገዛው አክሲዮን ዋጋ አጣ። ጥር 30 ቀን 1908 አጼ ምኒልክ አዲስ ውል ሰጡ፤ ውሉ የተጻፈው በጓድሎፕ ተወላጁ ሐኪማቸው በዶክተር ጆሴፍ ቪታልየን ስም ነው። ያደራደረው የፈረንሳይ ልዩ መልእክተኛ ክሎቡኮቭስኪ ነበር፤ በዚያው ወር የንግድ ውልም ተፈራርሟል። በውሉ ላይ የቆመው አዲስ ድርጅት ከጅቡቲ አዲስ አበባ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተባለ፤ ከጀርባው የቆመው ገንዘብ በአብዛኛው የኢንዶቻይና ባንክ ነው። የአሮጌው ኩባንያ ንብረት በፈረንሳይ መንግሥት በኩል ለአዲሱ ተላለፈ። በቃሉ ትርጉም ውህደት አይደለም፤ አንዱ ሞቶ ሌላው ንብረቱን ወረሰ። በውጤቱ ግን የእንግሊዝ ድርሻ፣ የኢልግና የሸፍኔ ውርስ፣ የፓሪስ አበዳሪዎች ገንዘብ ሁሉ በአንድ ኩባንያ ተጠቅልሏል።

ሐዲዱ ከዚያ በኋላ በዝግታ ቀጠለ። አጼ ምኒልክ በታኅሣሥ 1913 ሲሞቱ ገና አዲስ አበባ አልደረሰም፤ የዓለም ጦርነት መሃል ላይ፣ በ1917፣ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ በ1929 አለቀ፤ ከፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በ1930 ቆመ። ከዚያ ወዲያ የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ አብዛኛው የሚያልፈው በዚህ መስመር ሆነ፤ ለባለገንዘቦቹም ከረዥም ጥበቃ በኋላ ትርፍ መጣ።

አክሲዮኑ እንደገና የፖለቲካ መክፈያ የሆነው በጥር 1935 ነው። የፈረንሳዩ ፒየር ላቫልና ሙሶሊኒ ሮም ላይ በተፈራረሙት ስምምነት ከኩባንያው አክሲዮን 2,500ው ለጣሊያን ተላለፈ። ድርሻው ትንሽ ነበር፤ ነገር ግን በዓለም ፊት የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው ኢትዮጵያ በዋና በሯ ላይ ስላለ ድርሻ ሳትጠየቅ ሁለት መንግሥታት ተሰጣጡት። በዚያው ዓመት በጥቅምት ጣሊያን ወረረች። በ1941 ነፃነት ሲመለስ መስመሩን የእንግሊዝ ጦር ያዘው፤ ወደ ኩባንያው የተመለሰው በ1946 ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ሌላ የውህደት ዕድል ቀርቦ ነበር። ኤርትራ በ1952 በፌዴሬሽን ስትቀላቀል በአንድ ዘውድ ሥር ሁለት ባቡሮች ተገኙ፤ አንዱ የፓሪሱ ኩባንያ፣ አንዱ ጣሊያን ከምጽዋ ወደ አስመራ የሠራው። ከመካከላቸው የነበረው ሰፊ አገር አንዲት ሐዲድ አልነበረበትም። ቢገናኙ ኖሮ እንኳ የኤርትራው ሐዲድ ስፋቱ 95 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ፉርጎ ከአንዱ ወደ ሌላው አይሄድም ነበር። አምስት ሳንቲ ሜትር ብዙ አትመስልም፤ ለባቡር ግን ግድግዳ ናት።

የባለቤትነቱ ጉዳይ የተስተካከለው በ1959 በኢትዮጵያና በፈረንሳይ መካከል በተፈረመ ውል ነው። ኢትዮጵያ የኩባንያውን ግማሽ ድርሻ ያዘች፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ከ60 ዓመት በላይ ፓሪስ ላይ የተጠራው ጉባኤ መጀመሪያ ባቡሩ በሚደርስበት ከተማ የተጠራው ያኔ ነው። በዓመቱ የወጣው የኢትዮጵያ ንግድ ሕግ፣ በፈረንሳይ ሊቃውንት እጅ የተረቀቀው፣ ለአገሪቱ ማኅበራት ድንገተኛ ጠቅላላ ጉባኤንና የውህደትን ሥርዓት አስተማረ፤ ምድር ባቡሩ ግን እንደ ሁልጊዜው በመንግሥታት ውል መኖሩን ቀጠለ። ጅቡቲ በ1977 ነፃ ስትወጣ የፈረንሳይ ግማሽ ወደ እሷ አለፈ፤ በ1981 ድርጅቱ የጅቡቲ–ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ተባለ፤ ሁለቱ መንግሥታት እኩል ያዙት። የግል ባለአክሲዮን ከመዝገቡ ጠፋ።

አሮጌው መስመር ቀስ በቀስ እየደከመ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ክፍል ከ2008 ገደማ ጀምሮ ቆመ። በቻይና ብድርና ሥራ ተቋራጮች የተዘረጋው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር በጥቅምት 2016 ተመረቀ፤ ለሕዝብና ለጭነት መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በጥር 2018 ነው። የመንገደኛው ባቡር መነሻ ለገሃር ሳይሆን ከከተማዋ ደቡብ ምዕራብ በፉሪ-ለቡ ያለው ጣቢያ ነው። የሚያስተዳድረውም በአዲስ መልክ የተቋቋመ አክሲዮን ማኅበር ነው፤ 75 በመቶው የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶው የጅቡቲ።